ጥርሴ ተተካ፣ ትራምፔቴ አኮረፈ

ደሴ ውስጥ በሠርግ ባንድ ትራምፔት እነፋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አራት የላይ የፊት ጥርሶቼ በድድ ሕመም ተነቃነቁና ተነቀሉ። መጀመሪያ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ገባልኝ፣ ቆይቶ ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚተከል ጥርስ። ያከመኝ ባለሙያ «አብሽር፣ እንጀራ ትበላበታለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በላሁበት። እኔ ግን የጠየቅኩት እንጀራ ስለማገኝበት ነበር።

ትራምፔትን የሚያጮኸው ከንፈር ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ንዝረቱን ያጎላል። ከንፈር ደግሞ የሚደገፈው በፊት ጥርስ ነው። ድጋፉ አንድ ሚሊሜትር ገባ ወይም ወጣ ካለ ከንፈር የለመደውን ቦታ ያጣዋል።

ችግሩ የት እንዳለ ለመለየት አንዲት ፍተሻ አለችኝ። መጀመሪያ በከንፈር ብቻ እንደ ንብ እዝዝ በሉ። ቀጥሎ ከንፈር ላይ በሚያርፈው ክፍል፣ በማውዝፒሱ ብቻ። በመጨረሻ በሙሉ መሣሪያው። ገና በከንፈር ሳላችሁ ጥርሱ ከተንቀሳቀሰ ጉዳዩ የሐኪም ነው። ችግሩ ማውዝፒስ ላይ ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ የማውዝፒሱ አቀማመጥ ነው። እዚያም ደህና ሆኖ ትራምፔቱ ሲጨመር ከተበላሸ እጃችሁን ጠርጥሩ።

ምልክት፦ በከንፈር ጥግ አየር ያፈተልካል፣ ድምፁ ሻ ይላል

አዲሱ ጥርስ ከድሮው ወፈር ወይም ቀና ብሏል። ከንፈራችሁ ግን አሁንም የድሮውን ቦታ ይፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ አየሩን ለመዝጋት ማውዝፒሱን ይጫናል። እኔም ተጫንኩ። ለሁለት ሳምንት ከንፈሬ ላይ እንደ ማኅተም ክብ ምልክት ይዤ ዞርኩ፣ ሻ የሚለው ድምፅ ግን እንደነበረ ነው።

የሠራልኝ መስታወት ነው። መስኮት አጠገብ ቁጭ ብዬ ማውዝፒሱን ብቻ ይዤ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ታች እያደረግኩ ነፋሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ድምፁ ጠራ ያለው ከድሮው ቦታ የስንዴ ፍሬ ያህል ወደ ግራ ስወስደው ነው። ያስጠላል። ሃያ ዓመት መሐል ላይ የኖረ ነገር ጠማማ ይመስላል። ግን ጆሮን እመኑ።

አምስት ደቂቃ ንፉ፣ አምስት ደቂቃ አስቀምጡት። ለልምምድ ትዝታ ያዙ። ቅኝቱ አምስት ኖታ ነው፣ ከመሐል ድምፅ ሳትወጡ ቀስ ብላችሁ ትዞሩበታላችሁ። ባቲንና አምባሰልን ከወር በኋላ ጨመርኩ። የሰፈራችን ቅኝቶች ለታመመ አፍ የተሠሩ ነው የሚመስሉት።

ምልክት፦ ስትነፉ የሚወልቀው ጥርስ ይነሳል

የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ላንቃ ላይ የሚይዘው በስስ ምራቅና በጠርዙ ጥብቀት ነው። አየር ከኋላው ከገባ ይለቃል። ሌላም ምክንያት አለ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አጥንቱ ይሟሽሻል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። ስለዚህ መስከረም ላይ ልክ የነበረው ለጥር ሠርግ ሊሰፋችሁ ይችላል። ከፋርማሲ የሚገኘው የጥርስ ማጣበቂያ ለአንድ ምሽት ያግዛል። ሁነኛው መፍትሔ ግን ውስጡን በድዳችሁ ልክ እንደገና ማስሞላት ነው። ስትሄዱ ትራምፔቱን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ክሊኒክ ውስጥ ስነፋ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ፣ ባለሙያው ግን ጥርሱ የቱ ጋ እንደሚነሳ በዓይኑ አየ።

ገና ያልነቀላችሁ ካላችሁ፣ ከመነቀሉ በፊት የጥርሳችሁን የጄሶ ቅጂ አሠርታችሁ ያዙ። አዲሱን የሚሠራው ሰው የድሮውን ቅርፅ በደንብ ያይበታል። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ምልክት፦ ከፍ ያለው ኖታ እምቢ ይላል፣ ከንፈር በአሥር ደቂቃ ይዝላል

ይሄ ኢምፕላንት ያላቸው ሰዎች ችግር ነው። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው በስስ ጅማት ነው፣ ጅማቱ ውስጥ ነርቭ አለ። ስትጫኑት «በቃ» ይላችኋል። ኢምፕላንት ግን ከአጥንቱ ጋር በቀጥታ የተዋሃደ ነውና ይሄ ስሜት የለውም። ሳታውቁት ትጫናላችሁ፣ ከንፈር በመሐል ይደቃል፣ ደሙ ይሸሻል፣ ድምፁ ይሞታል።

መፍትሔው ቀኝ እጅ ላይ ነው። ትንሿን ጣት ትራምፔቱ ላይ ካለው የጣት መንጠቆ አውጧት። ትራምፔቱን ወደ አፍ የምትጎትተው እሷ ናት። ግራ እጃችሁም አይጨብጠው፣ ይሸከመው እንጂ። መጀመሪያ ቀን ምንም የሚወጣ ድምፅ ላይኖር ይችላል። እኔ ላይ ሦስት ቀን ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ከዚያ የታችኞቹ ኖታዎች መጡ። ከላይ ያሉት አራት ወር ፈጅተዋል። ለዚያን ሰሞን ሠርግ ሌላ ነፊ ተክቼ፣ እኔ ከበሮ መታሁ።

ምልክት፦ ምላስ ይንተባተባል

«ተ» ስትሉ «ትሽ» ይላል። የጥርሱ ጀርባ ወፍሯል ማለት ነው፣ ምላስ ከለመደው ቀድሞ ይደርሳል። «ደደደ» ብላችሁ ጀምሩ፣ ለስለስ ይላል። «ተተተ» ይከተል፣ «ተከተከ» መጨረሻ ይሁን። ጮክ ብሎ ማንበብም ይረዳል።

ምልክት፦ ከንፈር ከውስጥ ይቆስላል

አንድ ጠርዝ ስል ነው። ወደ ሐኪሙ ተመልሳችሁ አስሞርዱት። ቤት ውስጥ በሞረድ የሚሞክር ሰው አውቃለሁ፣ ሁለት ጊዜ ከፈለ።

ጨርሶ መንፋት የሌለባችሁ ጊዜም አለ። ስፌት እያለ አትንፉ። በተነቀለው ቦታ የረጋውን ደም ግፊቱ ሊያነሳው ይችላል፣ ሕመሙ አያድርስ ነው። የላይ መንጋጋ ጥርስ ተነቅሎ ውሃ ስትጠጡ በአፍንጫ ከመጣ፣ አፍና ሳይነስ (ከአፍንጫ ጎን ያለው የአየር ክፍተት) ተገናኝተዋልና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ኢምፕላንት ከአጥንት ጋር እስኪዋሃድ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል፣ መቼ መንፋት እንደምትጀምሩ የሚወስነው የተከለው ሐኪም ነው።

አንድ ችግር ደግሞ በጥርስ ይሳበባል። ጠዋት ኪቦርዱ ላይ ካለው ልጅ ጋር ድምፃችሁ አይገጥምም፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። እኔም ጥርሴ ነው ብዬ አንድ ሳምንት ተጨነቅኩ። ጥርስ አይደለም፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ነው። ቀዝቃዛ ትራምፔት ድምፁ ይወርዳል። ድምፅ ሳታወጡ ሞቃት ትንፋሽ አስገቡበት፣ ካልበቃ ማስተካከያውን ቱቦ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ስትገቡ ደግሞ መልሳችሁ ጎተት አድርጉት።