ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ ኮምፒውተሩ ግን አማርኛ አያነብም፦ የስክሪን ሪደር ሥልጠና ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ዓይነ ስውራን ተማሪዎችን ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል የሚያስተምሩ መምህራንን ለሚያሠለጥኑ ባለሙያዎችና ለጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘሮች የተዘጋጀ ነው። ከሥልጠና በኋላ ኤንቪዲኤን የመሰለ ነፃ ስክሪን ሪደር (ኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ሥራ ላይ ሳይውል ሲቀር ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በመምህሩ ይላከካል። ከመምህሩ በፊት ግን ድምፁ፣ ፋይሉና የሥልጠናው አሰጣጥ ሊፈተሹ ይገባል።

ምልክት፦ እንግሊዝኛውን ያነባል፣ አማርኛው ላይ ሲደርስ ዝም ይላል።
ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኤንቪዲኤ ሲከፈት ቀድሞ የሚጠቀመው ከዊንዶውሱ ጋር የመጣውን ድምፅ ሲሆን፣ ይህ ድምፅ በተለመደው አጫጫን አማርኛ አያውቅም። የኤንቪዲኤ ቁልፍ የሆነውን ኢንሰርትን ከኮንትሮልና ከኤስ ጋር ተጭኖ አማርኛ የሚያውቀውን ኢስፒክ የተባለ የድምፅ ፕሮግራም መምረጥ፣ ቀጥሎም በኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪ የድምፅ ቅንብሩን ከፍቶ አማርኛን መምረጥ ያስፈልጋል። ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው፤ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውንም አይለይም። ይህን አስቀድሞ መናገርና የንባብ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ መጀመር መምህራኑ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ተስፋ እንዳይቆርጡ ይረዳል።

ምልክት፦ ድረ ገጽ ላይ ያለውን አማርኛ ያነባል፣ የመምህሩን የፈተና ወረቀት ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት አድርጎ ይጠራዋል።
ብዙ ሥልጠና የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የፊደሉን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ በእነርሱ የመጻፍ ልማድም በየቢሮው ቆይቷል። በዚህ መንገድ የተጻፈ ወረቀት ላይ ዓይን «ጣና» የሚለውን ቃል ቢያይም ፋይሉ የያዘው የላቲን ፊደላትና ምልክቶችን ነው፤ ስክሪን ሪደሩም የሚያነበው ፋይሉ የያዘውን ነው።

ለማረጋገጥ ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ በቂ ነው፤ አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ ወደ ላቲን ፊደል ከተቀየረ ግን በአሮጌው መንገድ የተጻፈ ነው። ፎንቱን ብቻ መቀየር ችግሩን አይፈታም፤ እንዲያውም ጽሑፉ ለሚያይ ሰው ጭምር የማይነበብ ይሆናል። አጭር ፈተና ከሆነ በዩኒኮድ መጻፊያ እንደገና መጻፍ ይፈጥናል፤ ረጅም ከሆነ በመቀየሪያ ፕሮግራም ለውጦ፣ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን በተለይ እያዩ ማረም ያሻል።

ስለዚህ አሠልጣኙ አስተካክሎ ያመጣውን ናሙና ትቶ እያንዳንዱ መምህር ባለፈው መንፈቅ ዓመት የሰጠውን ፈተና በፍላሽ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ አለበት። ፈተናውን የሚተይበው ብዙ ጊዜ መምህሩ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ስለሆነ፣ ጸሐፊው ያልተጋበዘበት ሥልጠና ይህን ችግር ሊፈታ አይችልም። በተሳታፊዎች ዝርዝር ላይ ግን ጸሐፊ የሚባል አይታይም።

ምልክት፦ ፒዲኤፉ ተከፍቷል፣ ስክሪን ሪደሩ ግን ባዶ ነው ይላል።
አንድ ቃል በማውስ ለመምረጥ ይሞከር። ካልተመረጠ ገጹ በስካነር የተነሣ ምስል ነው። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ ፊደልን ከምስል ለይቶ ወደ ጽሑፍ ይቀይራል፤ ተቀራራቢ ቅርጽ ያላቸውን ፊደላት ስለሚያምታታ ግን ሰው ሳያርመው ለተማሪ መሰጠት የለበትም። የተተየበውን ዋና ፋይል ካዘጋጀው ክፍል መጠየቅ ከዚህ ሁሉ ድካም ያድናል።

ምልክት፦ ትናንት የተስተካከለው ቅንብር ዛሬ የለም፣ ወይም ፕሮግራሙን ለመጫን ሲሞከር ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ይጠይቃል።
ከኤንቪዲኤ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ተንቀሳቃሽ ቅጂ ፍላሽ ላይ መፍጠር ይቻላል። ቅጂው ሳይጫን ይሠራል፤ የአማርኛ ድምፅ ምርጫውንም ይዞ ይዞራል።

ምልክት፦ መምህሩ በሥልጠናው ላይ ጎበዝ ነበር፣ ክፍል ውስጥ ግን መሣሪያውን አይነካውም።
መንስኤው በአመዛኙ ልምምዱ በዓይን መደረጉ ነው፤ እያየ በማውስ የሚሠራ ሰው ስክሪን ሪደርን አልተማረም። የኤንቪዲኤ የስክሪን መጋረጃ ስክሪኑን ያጠቁረዋልና ሠልጣኙ በድምፅና በኪቦርድ ብቻ አንድ ፋይል ከፍቶ፣ አርሞ፣ ሴቭ እንዲያደርግ ይገደድ። የንግግር ማሳያው ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ የሚነገረውን በጽሑፍ ስለሚያሳይ፣ ተማሪው «ሌላ ነገር እያነበበልኝ ነው» ሲል መምህሩ ምን እንደተባለ ማየት ይችላል።

ሥልጠናው በሐይቁ ዳር ባለ የሆቴል አዳራሽ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ቢሰጥና በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ዕቅድ ውስጥ ገብቶ ቢቀጥል ይመረጣል። ተግባራዊው ክፍል ብዙ ጊዜ ወደ ከሰዓት ይገፋል፤ ከዘጌ በጀልባ የሚመጡ መምህራን ግን ሳይመሽ ለመመለስ ቀድመው መነሣት ስለሚኖርባቸው ያመልጣቸዋል። ልምምዱ ጠዋት ይሁን፤ ንድፈ ሐሳቡ ወደ ከሰዓት ይዛወር። ኤንቪዲኤ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ መብራት ቢጠፋም ማታ ባትሪያቸው በተሞላ ላፕቶፖች መቀጠል ይቻላል።