በፈረስ ጀርባ ላይ የሚሰጥ ሕክምና፦ ከመውጣት እስከ መውረድ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ፈረስ በእርምጃ ሲሄድ ጀርባው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። የተቀመጠበት ሰው ዳሌም ልክ በእግሩ የሚራመድ ይመስል አብሮ ይወዛወዛል። በደቂቃ መቶ እርምጃ ያህል ቢሄድ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዳሌው ወደ 3,000 ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። ራሱን ችሎ መራመድ ለማይችል ሰው ይህን ያህል ልምምድ በሌላ መንገድ ማግኘት ከባድ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሚታዩት ስህተቶች አብዛኞቹ ወይ ይህ እንቅስቃሴ ዳሌው ላይ እንዳይደርስ ያግዱታል፣ ወይ ሰውየውን ለአደጋ ያጋልጡታል። አንዳንዶቹ ሁለቱንም ያደርጋሉ።

ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ማድረግ

ሂፖቴራፒ የሚባለው ፊዚዮቴራፒስት፣ የሙያ ቴራፒስት (የዕለት ተዕለት ተግባራትን የሚያለማምድ) ወይም የንግግር ቴራፒስት የፈረሱን እንቅስቃሴ እንደ ሕክምና መሣሪያ የሚጠቀምበት ነው። ጋላቢው ፈረሱን አይመራም፤ ሥራው የፈረሱን እንቅስቃሴ መቀበል ነው። ቴራፒዩቲክ ግልቢያ ደግሞ በሠለጠነ አስተማሪ የሚሰጥ የግልቢያ ትምህርት ሲሆን፣ ዛብ መያዝን፣ ፈረስ ማዞርንና ማቆምን ይጨምራል። ቤተሰብ አንዱን ፈልጎ ሌላው ሲሰጠው ከሦስት ወር በኋላ «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ ያቆማል። ከመጀመሩ በፊት የትኛው እንደሚሰጥ ይጠየቅ።

«ፈረስ ለሁሉም ይስማማል» ብሎ መጀመር

የሐኪም ፈቃድ የሌለው ሰው ፈረስ ላይ አይወጣም። ወረቀቱም በየዓመቱ ይታደሳል፣ ሰውነት ይለወጣልና።

ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሰዎች የአንዳንዶቹ የመጀመሪያውና የሁለተኛው የአንገት አጥንት መጋጠሚያ የላላ ነው። ራጅ ብቻውን አደጋውን ሁልጊዜ አያሳይም፤ ስለዚህ ምልክቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል፦ የአንገት ሕመም፣ ጭንቅላትን ወደ አንድ ጎን ማዘንበል፣ የአረማመድ መለወጥ፣ የእጅ መድከም፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ግልቢያው በዚያው ቀን ይቆማል፣ ሰውየውም ሐኪም ያየዋል።

ከዚህ ሌላ በጥብቅ የሚታዩት በመድኃኒት ያልተቆጣጠሩት የሚጥል በሽታ፣ ከቦታው የወጣ የዳሌ መገጣጠሚያ፣ የአከርካሪ ከፍተኛ መጣመም፣ በቀላሉ የሚሰበር አጥንት፣ መቀመጫ ላይ ያለ ክፍት ቁስል፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትና በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ናቸው። አንዳንዶቹ ፈጽሞ ይከለክላሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ውሳኔው የሐኪሙና የቴራፒስቱ እንጂ የአሠልጣኙ አይደለም።

ፈረስን በገርነቱ ብቻ መምረጥ

ገርነት ግዴታ ነው፣ ግን አይበቃም። በትንሹ የሚያነክስ ፈረስ የተዛባ እንቅስቃሴ ይሰጣል፤ ጋላቢው አንዱን ጎኑን ብቻ እያሠራ ይወርዳል። ፈረሱን በደረቅ መሬት ላይ በቀጥታ መስመር አስኬዱትና የሰኮናውን ድምፅ ስሙ፤ አራቱም ምት እኩል መሆን አለባቸው።

የጀርባው ስፋትም እንደ ጋላቢው ይመረጣል። በሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት በሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ምክንያት የጭኑ ውስጣዊ ጡንቻ የተገታተረበት ሰው ሰፊ ፈረስ ላይ ሲቀመጥ እግሮቹ በግድ ይከፈታሉ፣ ጡንቻው የባሰ ይገታተራል፣ ዳሌውም ወደ ኋላ ይዞራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጠበብ ያለ ጀርባ ይሻላል። በኮርቻ ፋንታ ወፍራም የሱፍ ግላስ ቢደረግ ደግሞ 38 ዲግሪ አካባቢ የሆነው የፈረሱ ሙቀት ጡንቻውን ያላላዋል። ግንዱ (ከአንገት እስከ ዳሌ ያለው አካሉ) ልል ለሆነ ሰው ግን ሰፋ ያለ ጀርባ መሠረት ይሆነዋል።

ክብደትን በዓይን መገመት አይቻልም። ጋላቢና ዕቃ ተደምረው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ አይለፉ። 450 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 90 ኪሎ ነው፤ ኮርቻው 10 ኪሎ ቢሆን ለሰው 80 ይቀራል። ሚዛኑን መጠበቅ የማይችል ሰው በአንድ ጎን ስለሚከብድ ወደ 15 በመቶ መውረድ ይመረጣል፤ ይህም ከነኮርቻው 67 ኪሎ ያህል ነው።

የመውጫውን ሰዓት መቸኮል

ከሁሉ የሚያሰጋው ጊዜ ይህ ነው። ሰውየው ግማሽ መሬት ግማሽ ፈረስ ላይ ነው፤ ፈረሱ ደግሞ በራምፑ (በተዳፋቱ መውጫ) እና በማዶው መደብ መካከል ተጣቧል።

ዊልቸር የሚወጣበት ራምፕ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ሊኖረው ይገባል። ከዚያ ይበልጥ ቀጥ ያለ ዳገት ሆኖ ከተሠራ ዊልቸሩን የሚገፋው ሰው ወደ ላይ ሲጣደፍ ፈረሱ ይደነግጣል። የኮርቻው የሆድ ጠፍር ሦስት ጊዜ ይፈተሻል፦ ከመውጣት በፊት፣ እንደተወጣ፣ እንዲሁም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከተሄደ በኋላ። ብዙ ፈረስ ጠፍር ሲጠበቅበት ሆዱን ይነፋል፤ ጥቂት ሲራመድ ግን ጠፍሩ ይላላል፣ ኮርቻውም ወደ አንድ ጎን ይሸሻል።

ሳቢው፣ ማለትም ፈረሱን በገመድ የሚመራው ሰው፣ ከፈረሱ ራስ ፊት ትንሽ ወደ ጎን ብሎ ፊቱን ወደ ፈረሱ ያዞራል። አንድ አጃቢ (ከጋላቢው ጎን የሚሄድ ረዳት) በማዶው መደብ ላይ ቆሞ ይቀበላል። እግሩን ከኋላ ማሻገር የማይችል ሰው መጀመሪያ በጎን ይቀመጣል፣ ቀጥሎ እግሩ በፈረሱ አንገት በኩል ይሻገራል። ጉልበቱን ይዞ በዝግታ ማንሳት እንጂ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ መጎተት አይገባም፤ የተገታተረ ጡንቻ በፍጥነት ሲሳብ መልሶ ይቆልፋል። መቀመጫው ኮርቻው ላይ በቀስታ ይረፍ። ዱብ ማለቱን የፈረሱ ወገብ ያስታውሰዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ራምፑ አልገባም የሚለውም ያው ፈረስ ነው።

እርካብ ማስተካከል ያለው ራምፑ ውስጥ አይደለም። ፈረሱ ወጥቶ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ይቁምና ያኔ ይስተካከል።

ማሰር

ሰውን ከኮርቻ ጋር በቀበቶ ወይም በገመድ ማሰር በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ፈረሱ ቢደናቀፍ ታሳሪው አብሮት ይወድቃል። ከጎን መያዣ ያለው ቀበቶ በሰውየው ወገብ ላይ ብቻ ይታሰራል፣ ከፈረሱ ጋር ግን አይገናኝም። እርካቡም ቢሆን ሰው ሲወድቅ እግሩን የሚለቅ መሆን አለበት፤ በውጭ በኩል የላስቲክ ማያያዣ ያለው ወይም እግር አልፎ እንዳይገባ ከፊት የተሸፈነ ይመረጥ። ሄልሜት ለግልቢያ የተሠራው ብቻ፤ የብስክሌቱ አይተካውም። ጠርዙ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ይቀመጣል፣ አንዴ ከወደቀበት ይጣላል።

አጃቢዎች ተሸካሚ ሲሆኑ

በጎ ፈቃደኞች ልባቸው ደግ ስለሆነ አብዝተው ይይዛሉ። ትክክለኛው አያያዝ እንዲህ ነው፦ አጃቢው ከጋላቢው ጉልበት ጎን ይራመዳል፣ ለፈረሱ የቀረበ ክንዱን በጋላቢው ጭን ላይ ያሳርፋል፣ በጣቶቹም የኮርቻውን የፊት ጠርዝ ይይዛል። ክንዱ ለመጠበቅ ነው እንጂ ለመጫን አይደለም። ክርኑ የፈረሱን ጎን ከነካ ፈረሱ ወደ ማዶ ይሸሻል፣ ማዶ ያለው አጃቢ ደግሞ ይረገጣል።

ጋላቢው ወደ ግራ ሲያጋድል የግራው አጃቢ ወደ ላይ ይገፋል፣ የቀኙ በቀበቶው ይጎትታል። በዚህ ጊዜ ሚዛኑን የሚጠብቁት አጃቢዎቹ ሆኑ፣ የጋላቢው ጡንቻ ሥራ ፈታ። ፈረሱን አቁሙና ኮርቻው መሸሹን፣ እርካቦቹ እኩል መሆናቸውን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው። ክንድ ሲደክም አንዱ ይለውጣል፣ ሌላው ይጠብቃል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ አይልቀቁ።

በሰው እርዳታ መውጣት ማለት መጋለብ አለመቻል አይደለም። ዴንማርካዊቷ ሊዝ ሃርቴል እ.ኤ.አ. በ1944 ፖሊዮ ይዟት ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና ቀረች። ፈረስ ላይ የምትወጣውም የምትወርደውም ሰው እየረዳት ነበር። በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በድሬሳዥ (ፈረስን በታዘዘ እንቅስቃሴ የማስኬድ ውድድር) የብር ሜዳሊያ ወሰደች።

ፈረሱን እየጎተቱ ማስኬድ

ሳቢው በፈረሱ ራስና ትከሻ መካከል ይራመድ፣ ፊት ፊት እያለ አይጎትት። የተረፈውን ገመድ አጥፎ ይያዝ እንጂ እጁ ላይ አይጠቅልል፤ ፈረስ ሲበረግግ የተጠቀለለ ገመድ ጣት ይቆርጣል። ዓይኑም መንገዱ ላይ ይሁን፣ ጋላቢውን የሚያይ ሌላ ሰው አለ።

ፍጥነቱ በሜዳው አሸዋ ላይ ይነበባል። የኋላው ሰኮና የፊተኛው በረገጠበት ላይ ወይም ከዚያ አልፎ ካረፈ ጀርባው በደንብ ይሠራል። ኋላ ከቀረ ፈረሱ እየተጎተተ ነው፣ ጋላቢውም በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ያህል ነው። ጡንቻው ለተገታተረበት ሰው ዝግ ያለና ያልተቆራረጠ እርምጃ ይስማማል። ጡንቻው ለላላበት ደግሞ ነቃ ያለ እርምጃ፣ በየመሐሉ ቆም፣ ሂድ። ሶምሶማ መጨመር የሚገባው በእርምጃ ላይ ጭንቅላቱንና ግንዱን ያለ እርዳታ ለሚይዝ ሰው ብቻ ነው።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማዞርም የተለመደ ጥፋት ነው። ክብ ሲዞር የጋላቢው ክብደት ወደ ውጭ ስለሚሸሽ አንዱ ጎን ብቻ ይሠራል። በየጥቂት ደቂቃው አቅጣጫ ይለወጥ። ግንዱ ለደከመ ሰው ክቡ ወደ 20 ሜትር ሰፊ ይሁን።

«ቀጥ በል!» ማለት

ሰው ጀርባው የሚጎብጠው ዳሌው ወደ ኋላ ስለዞረ ነው። «ቀጥ በል» ሲባል ትከሻውን ይሰቅላል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይጎብጣል። መስተካከል ያለበት ከታች ነው፦ ቴራፒስቱ እጁን በዳሌው ላይ አድርጎ ወደ ፊት ያዘንብለው። ወይም ጋላቢው የፈረሱን ጆሮ ለመንካት ይዘርጋ። ጆሮ፣ ትከሻ፣ ዳሌና ተረከዝ በአንድ መስመር ሲውሉ ነገሩ ተስተካክሏል።

የሚያወራውም አንድ ሰው ይሁን። በተለይ ኦቲዝም ላለበት ልጅ አሠልጣኙ «በል ሂድ» ሲል ሁለቱ አጃቢዎች ከደገሙት ልጁ ሦስት ትእዛዝ ሰምቷል። አንድ ጊዜ ተናግሮ በልብ እስከ አሥር መቁጠር ነው።

የአደጋ መውረጃን አለመለማመድ

ጋላቢው ቢንቀጠቀጥ ወይም ፈረሱ ቢረበሽ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይታወቅ። የሚቀበለው አጃቢ ወገቡን ያቅፋል፣ ማዶ ያለው እግሩን ከእርካብ አውጥቶ ያሻግራል፣ ሳቢው ፈረሱን ከሰውየው ያርቃል። ሳቢው ምንጊዜም ከፈረሱ ጋር ነው፣ ለማንሳት አይሮጥም። ጤነኛ በጎ ፈቃደኛ አስቀምጦ በሁለቱም ጎን መለማመድ ያስፈልጋል።

ፈረሱን ማድከም

በተከታታይ ከ3 ሰዓት፣ በቀን ከ6 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ይህም ጣሪያው ነው። ጠፍር ሲጠበቅበት የሚናከስ፣ ጆሮውን የሚያጣብቅ፣ ጥርሱን የሚያፋጭ ፈረስ ባለጌ አይደለም፤ ጀርባው ታምሟል ወይም ሥራው በዝቶበታል።

ካወረዱ በኋላ መርሳት

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚወርድ ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል። ክብደቱ እግሩ ላይ ማረፉ ሳይረጋገጥ አይለቀቅ። የስሜት ሕዋሱ ለማይሠራ ሰው፣ ለምሳሌ የአከርካሪ ጉዳት ላለበት፣ የመቀመጫው አጥንት፣ ጭራ አጥንቱ፣ የጭኑ ውስጥና ቁርጭምጭሚቱ ቤት ሲደርስ ይታይ። ቆዳው ቀልቶ ቅላቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ቆዳው ተጎድቷል፤ እስኪድን ድረስ ፈረስ ላይ አይወጣም፣ ከሚቀጥለው በፊትም ግላሱ ወይም ኮርቻው ይለወጣል።