ዋናውን ኢሜይላችሁን ለሁሉም ሳትሰጡ ኢሜይል መቀበል እንዴት ይቻላል? ምንስ ያስከፍላል?

ደሴ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ብታዩ ስኮላርሺፕ የሚሞላው፣ ስራ የሚያመለክተው ልጅ ሁሉ ያቺኑ አንድ ኢሜይል ላገኘው ሳይት ይሰጣታል፣ ከዛ ኢንቦክሱ በማስታወቂያ ይሞላና ከኮምቦልቻ ፋብሪካ የተላከለት የኢንተርቪው ጥሪ መሀል ላይ ተቀብሮ ይቀራል። በዛ ላይ ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ውስጥ በአይን የማትታይ አንድ ፒክሰል የምታክል ምስል አለች፣ ኢሜይሉን ስትከፍቱ ከላኪው ሰርቨር ትመጣለች፣ በዛው ላኪው መቼ እንደከፈታችሁት ያውቃል፣ አንዳንዴም በምን ስልክና ከየት አካባቢ እንደሆነ ጭምር።

መጀመሪያ ምንም ሳትመዘገቡ የሚሰራውን አድርጉ። ጂሜይል አፕ ላይ ሴቲንግ ግቡ፣ አካውንታችሁን ንኩ፣ ስለ ምስል የሚለው ጋር ውረዱና ከማሳየቱ በፊት እንዲጠይቃችሁ አድርጉት። ጂሜይል ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ምስሎችን በራሱ ሰርቨር በኩል ስለሚያመጣ ላኪው አይፒያችሁን (ያላችሁበትን አካባቢ የሚጠቁመውን የኢንተርኔት ቁጥር) አያይም፣ መክፈታችሁን ግን ያያል፣ ይሄ ሴቲንግ ምስሉን እስክትፈቅዱ ድረስ እሱንም ይከለክለዋል። ዳታም ይቆጥባል።

ቀጥሎ አሊያስ የሚባለውን ተለዋጭ አድራሻ አውጡ። ዳክዳክጎ በነፃ ይሰጣል፣ ትራከሮቹንም (እንደዛች የማትታይ ምስል ያሉትን መከታተያዎች) አውጥቶ ነው ወደ ዋናው ኢሜይላችሁ የሚያስተላልፈው፣ ፋየርፎክስ ሪሌይ በነፃ 5 ይሰጣል፣ ፕሮቶን የሚባለው የኢሜይል ድርጅት በ2022 የገዛው ሲምፕልሎጊን ደግሞ 10። ለእያንዳንዱ ሳይት የራሱን ስጡ። እንበል ለስኮላርሺፕ ብቻ ብላችሁ በሰጣችሁት አድራሻ የብድር ማስታወቂያ መጣ፣ ከየት እንደወጣ ወዲያው ታውቃላችሁ፣ እሱን ብቻ ትዘጉታላችሁ፣ ሌላው አይነካም።

አሁን ዋናው ነገር፣ እባካችሁ ይሄን ሳታነቡ እንዳትመዘገቡ። ፖስታ ሳይከፈት ውስጡ አይፀዳም፣ ትራከር የሚያወጣላችሁ ሰርቪስም የመልእክቱን ውስጥ በማሽን ማየት የግድ ነው። ዳክዳክጎ ኢሜይላችሁን አላስቀምጥም ይላል፣ ጥሩ፣ ግን እኛ ሰርቨሩ ውስጥ ገብተን አናይም፣ የያዝነው ቃሉን ነው። ደሞ መልእክቱ መጨረሻ ላይ ጂሜይል ውስጥ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ በፊት አንድ ድርጅት ጋር የነበረው አሁን ሁለት ድርጅት ጋር ያልፋል ማለት ነው፣ መሀል ያለው ደግሞ ዋናው አድራሻችሁንም የትኛው አሊያስ የናንተ እንደሆነም ያውቃል። ከነጋዴው ተደበቃችሁ፣ ከአስተላላፊው ግን አልተደበቃችሁም። ለኔ ለማስታወቂያና ለምዝገባ ኢሜይል ይሄ ዋጋ ያዋጣል፣ ለባንክ፣ ለህክምና ውጤት፣ ለፋይዳ ግን በፍፁም አያዋጣም፣ እነሱን ዋናው ላይ ተዉአቸው። ምክንያቱም ሰርቪሱ አንድ ቀን ቢዘጋ ወይ አካውንታችሁ ቢታገድ የፓስወርድ መቀየሪያው ሊንክ ወደዛ ሄዶ ይቀራል።

ሲቪ ላይም አሊያስ አትፃፉ፣ ቀጣሪው ግራ ይገባዋል፣ መልስ መላክም አንዳንዱ ሰርቪስ ላይ በክፍያ ነው።

ስትጨርሱ ከሌላ አካውንት ወደ አሊያሱ የሙከራ መልእክት ላኩ። ካልመጣ ስፓም ውስጥ ፈልጉትና ስፓም አይደለም በሉት። መልስ መላክ ከፈቀደላችሁ እዛው ሪፕላይ አድርጉና የላካችሁበት አካውንት ላይ ከማን እንደመጣ እዩ፣ ዋናው አድራሻችሁ ከታየ በዛ አሊያስ መልስ አትላኩበት፣ ለመቀበያ ብቻ ይሁን።