ኮንቴይነር ጎተራ አይደለም፦ ዌብሳይት በዶከር ስንጭን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስና የመንዝ ባና ለሚሸጡ አንድ ነጋዴ የትዕዛዝ መቀበያ ዌብሳይት ሠርቼ ነበር። ሁሉንም የጫንኩት በዶከር ነው፤ ዶከር አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ኮንቴይነር በሚባል ለብቻው በተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው። ሳምንት ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር አስተካከልኩና አዲሱን ቨርዥን ለቀቅኩት። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ የባናዎቹ ፎቶ የታለ?»

የለም። እሳቸው ባናዎቹን ደጅ ላይ እያነጠፉ፣ ፀሐይ እየጠበቁ፣ አንድ በአንድ ያነሷቸው ፎቶዎች ናቸው። እኔ ደግሞ አፑ ፎቶዎቹን ኮንቴይነሩ ውስጥ ባለ ፎልደር እንዲያስቀምጥ አድርጌ ነበር። አዲስ ቨርዥን ሲጫን አሮጌው ኮንቴይነር ይሰረዛል። ውስጡ የተጻፈውም አብሮት ይሄዳል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ኮንቴይነር መተላለፊያ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ችግሩ ቶሎ አይታይም፤ ኮንቴይነሩን አቁሞ መልሶ ማስነሳት ዳታውን አያጠፋውምና። ጉዱ የሚወጣው ተሰርዞ በአዲስ ሲተካ ነው። ስለዚህ መጥፋት የሌለበት ነገር ሁሉ ቮልዩም (ዶከር ከኮንቴይነሩ ውጭ ዲስኩ ላይ የሚይዘው ማስቀመጫ) ላይ ይቀመጥ፤ ለቮልዩሙም ስም ስጡት። ዳታቤዝ ላይ ደግሞ አንድ የምትይዙት ነገር አለ። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ኢሜጅ (ኮንቴይነር የሚነሳበት የተዘጋጀ ቅጂ) ስም ያለው ቮልዩም ካልሰጣችሁት ራሱ ስም የለሽ ቮልዩም ይፈጥራል። ኮንቴይነሩን ስትተኩ አዲሱ ባዶ ሆኖ ይነሳል፣ አሮጌው ዳታ ግን ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ አለ። ደንግጣችሁ የማጽጃ ትዕዛዝ አትስጡ። መጀመሪያ ያሉትን ቮልዩሞች ዘርዝራችሁ እዩ። ሥራውን ለባለቤቱ ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ ሆን ብላችሁ ኮንቴይነሩን ሰርዛችሁ መልሱት። ዳታው ካለ አስረክቡ። ባክአፕ ግን ያኔም አይቀርም፤ ዲስኩ ከተበላሸ ቮልዩሙም አብሮ ይበላሻል።

ሌላው ስህተት ኪሳችንን የሚነካ ነው፤ ኢሜጁን ማወፈር። ሙሉው የኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) ኢሜጅ ዲስክ ላይ ብቻውን 1 ጊጋ ገደማ ይይዛል። ስሊም የሚባለው ቀጭኑ ግን ከ300 ሜጋ በታች ነው። መሐል ሜዳ ወይም አንኮበር ሆኖ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይሄ ልዩነት የፓኬጅ ገንዘብ ነው። የዶከርፋይሉ (የኢሜጁ አሠራር የሚጻፍበት ፋይል) ቅደም ተከተልም እንደዚያው። ዶከር ከላይ ወደ ታች እያንዳንዱን እርምጃ ያስቀምጣል። አንዱ እርምጃ ከተለወጠ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ እንደገና ይሠራል። ብዙዎቻችን ኮዱን በሙሉ መጀመሪያ እንገለብጥና ከዚያ ላይብረሪዎቹን እናወርዳለን። በዚህ አሠራር አንዲት ፊደል ስትቀየር ሁሉም ላይብረሪ እንደ አዲስ ይወርዳል። መጀመሪያ የላይብረሪዎቹን ዝርዝር የያዘውን ፋይል ብቻ ገልብጡ፣ አውርዱ፣ ኮዱን ከዚያ አስከትሉ። በቃ።

ፓስወርድ ኢሜጅ ውስጥ መቅበርም ክፉ ልማድ ነው። «በኋላ እርምጃ አጥፍቼዋለሁ» ማለት አያድንም። ፓስወርዱ የገባበት እርምጃ ንብርብር ሆኖ ኢሜጁ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፤ ኢሜጁ እጁ የገባ ሰው ቆፍሮ ያወጣዋል። ፓስወርድ የሚሰጠው ኮንቴይነሩ ሲነሳ ነው። ፓስወርድ የያዘው ፋይልም ወደ ኢሜጁ እንዳይገባ በዶከርኢግኖር ፋይል ከልክሉት።

የዳታቤዝን በር ለዓለም መክፈት እጅግ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የፖስትግሬስን ፖርት (በር) 5432ን ከነጭራሹ ወደ ውጭ ማውጣት አያስፈልግም። አፑና ዳታቤዙ ራሳችሁ በፈጠራችሁት አንድ የዶከር ኔትወርክ ላይ ካሉ በስማቸው ይገናኛሉ። ኡቡንቱ ላይ «ፋየርዎሉን አብርቻለሁ» ብላችሁም አትተኙ። ዶከር የሚከፍተው ፖርት የዩኤፍደብሊውን (የኡቡንቱን ፋየርዎል) ሕግ አልፎ ይሄዳል። የግድ ማውጣት ካለባችሁ 127.0.0.1 (ከራሱ ከማሽኑ ብቻ የሚደረስበት አድራሻ) ላይ ብቻ እሰሩት። በተቃራኒው ደግሞ አፑ ራሱ ኮንቴይነሩ ውስጥ 127.0.0.1 ላይ ብቻ እያዳመጠ «ለምን ከውጭ አይከፈትም?» ብለን እንለፋለን። እዚያ ጋ የሚያስፈልገው 0.0.0.0 (በሁሉም አድራሻ አዳምጥ ማለት) ነው።

በኢሜጁ ስም ላይ በሚለጠፈው «ሌተስት» በሚል ታግ አትመኩ፤ የቨርዥኑን ቁጥር ጻፉ። ዛሬ የወረደውና ከሁለት ወር በኋላ የሚወርደው አንድ ላይሆን ይችላል።

ሰርቨሩ ሱቅ ውስጥ ከተቀመጠ መብራት መጥፋቱ አይቀርም። መብራቱ ሲመለስ ኮንቴይነሩ በራሱ የሚነሳው ሪስታርት ፖሊሲ ከተሰጠው ብቻ ነው። እኔ «አንለስ ስቶፕድ» (ሰው ካላቆመው በቀር ይነሳ) የሚለውን እመርጣለሁ። የሎጉንም (የአፑ የክንውን መዝገብ) መጠን ገድቡ፤ ዶከር እንዳለ ከተተወ ሎጉ ዲስኩን እስኪሞላ ያድጋል።

ሰዓት ነገር ደግሞ አለ። ኮንቴይነር ካልተነገረው በቀር ሰዓቱ ዩቲሲ (የዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት) ነው፤ የእኛ በ3 ሰዓት ይቀድመዋል። አንዲት ደንበኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ባና አዘዙ። በፈረንጅ 9 ሰዓት፣ በዩቲሲ ደግሞ 6 ሰዓት ነው። ደረሰኙ «6:00» ብሎ ወጣ። እሳቸው እንደ እኛ አቆጣጠር እኩለ ቀን ብለው አነበቡትና «ይሄ የኔ ትዕዛዝ አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዳታቤዙ ውስጥ በዩቲሲ መቀመጡ ደህና ነው። ለሰው ስታሳዩት ግን ወደ አዲስ አበባ ሰዓት፣ ከዚያም ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሩት። አልፓይን (ትንሿን የሊኑክስ ኢሜጅ) የምትጠቀሙ ከሆነ የሰዓት ክልል ዳታው አብሮት ስለማይመጣ ለብቻው ጫኑት። አሁን ደረሰኙ «ጠዋት 3፡00» ይላል።