የአያት ጠመንጃ ካፕሱል፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው

አንድ የሰፈራችን አዛውንት የቆርቆሮ ሙዳይ ጆሮዬ ሥር አምጥተው አንቀጨቀጩ። «ስማ እስቲ፣ ሙሉ እኮ ነው!» ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ «ጋሼ፣ በፈጠረዎት ቀስ አድርገው ያስቀምጡት» አልኳቸው።

ሙዳዩ ውስጥ ያለው ካፕሱል ነው። ባለ ቀለህ ጥይት ከመምጣቱ በፊት፣ ባሩድና አረር በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ የሚተኮሰው በዚህች ትንሽ የመዳብ ቆብ ነበር። መቺው ሲያርፍባት ትፈነዳለች፣ እሳቷ ወደ ባሩዱ ይገባል።

እንግዲህ ማንቀጭቀጩ አንደኛው ስህተት ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ካፕሱል ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ፉልሚኔት የሚባል ፈንጂ ነው። ምት አይወድም፣ ፍትጊያ አይወድም፣ ሙቀት አይወድም። «አርጅቷል፣ ሞቷል» የሚል ሰው ሞልቷል። አንዳንዱ እውነትም ይከሽፋል። ግን የትኛው እንደከሸፈ ከላይ አይታይም።

ከዚህ የባሰው መፋቅ ነው። መዳቡ ሲያረጅ አረንጓዴ ያወጣል፤ ያንን በቢላ ጫፍ ላጽዳ ማለት በጣትና በዓይን መቀለድ ነው። ሙዳዩንም አትጠቡት። የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ የሚፈልገው በአብዛኛው ሙዳዩንና ወረቀቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 የተመሠረተው የለንደኑ ካፕሱል ሠሪ የኢሊ ስም ያለበት ወረቀት ውሃ ከነካው አለቀለት።

ማስቀመጫው ላይም እንሳሳታለን። የጅማ ዝናብ የታወቀ ነው፤ እርጥበት እንዳያገኘው ብለን ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ እናወጣዋለን። ቡናና በቆሎ እዚያ ይደርቃል። ካፕሱል ግን ከእሳትም፣ ከባሩድም፣ ከልጅም ርቆ ነው መቀመጥ ያለበት።

«አንዷን ብቻ ልሞክር» የሚል ደግሞ አይጠፋም። አይሞከርም፣ በቃ። አዲስ ካፕሱል በሚሸጥበት አገር ያሉ ተኳሾች እንኳ አሮጌውን ለማየት ያስቀምጡታል እንጂ አይተኩሱበትም። አንድ ምክንያት ልንገራችሁ። ብዙው አሮጌ ካፕሱል ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ኬሚካልም አለበት። ሲቃጠል ጨው ይተዋል፣ ጨው እርጥበት ይስባል። ዘይት ብቻ መቀባት ያንን ጨው አያነሳውም፤ የሚያነሳው ውሃ ነው። በእኛ ክረምት አፈሙዙ በአንድ ሌሊት ይዝጋል።

ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ይዞ «ቅርስ ነው» ማለትም አያዋጣም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሄዶ መጠየቅ ነው።

የሚያስፈራኝ ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ ነው። ባሩድ እርጥበት ካላገኘው ከመቶ ዓመት በኋላም ይነዳል። ስለዚህ እንደጎረሰ ቁጠሩት። ፊትም እጅም ከአፈሙዙ ፊት አይሁን። ቀጭን የእንጨት ዘንግ ቀስ አድርጎ ማስገባት፣ አፈሙዙ ጋ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ አውጥቶ ከውጭ በኩል መለካት። ጫፉ ካፕሱሉ ከሚለብስበት ቦታ ካልደረሰ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።

ጋሼን «የእርስዎስ ጠመንጃ?» አልኳቸው። «ባዶ ነው፣ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ማንም አልነካውም» አሉ። አልጋቸው ራስጌ ተሰቅሎ ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸው ሥሩ ይጫወታሉ። ለካን። ዘንጉ አራት ጣት አጠረ። ልጆቹን አስወጥተን ፖሊስ ጠራን።