ለአንድ ቤት ሦስት ገዢ ሲመጣ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ስንሸጥ ሦስት ገዢ መጣ። ደላላው «ብዙ የጠራውን ያዙ» አለን። እናንተ ግን መጀመሪያ ብሩ የት እንዳለ ጠይቁ። ብዙ የጠራው ሰውዬ ገንዘብ የሚያገኘው ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤቱ ሲሸጥ ነው። ሁለተኛው የባንክ ብድር ይጠብቃል። ሦስተኛዋ ልብስ ነጋዴ ናት። ዋጋዋ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ግን ሂሳቧን ከስልኳ ከፍታ አሳየችን። ለእሷ ሸጥን።

ሳትወስኑ ቀብድ እንዳትቀበሉ! በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ ሻጭ እጥፉን ይመልሳል። የቃል ስምምነትም አይበቃም፤ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ተደርጎ ይመዘገባል። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ።

ለቀሩት ገዢዎች ቶሎ ንገሯቸው። ሰው በተስፋ ሲንጠለጠል ያሳዝነኛል። እኔ የዚያኑ ማታ ደወልኩ፤ አንደኛው ሌላ ቤት አይቶ ስለነበር በማግስቱ ወደዚያው ሄደ።