ቶርናመንት ፖከር ላይ ቺፕ ለመቆጠብ

አንቲ (ከብላይንዶቹ ሌላ በግዴታ የሚገባ ቺፕ) ከገባ በኋላም በልማድ 3 ቢግ ብላይንድ (ትልቁ የግዴታ ውርርድ፣ መለኪያችን እሱ ነው) ሬይዝ የምታደርጉ (ውርርዱን ከፍ የምታደርጉ) ወደ 2.2 አውርዱት። ስሞል ብላይንዱ (ትንሹ የግዴታ ውርርድ) ግማሽ፣ ቢጉ 1፣ አንቲው 1፣ በቃ 2.5 መሀል ላይ ቁጭ ብሏል፣ እሱን ለመውሰድ 3 ካስያዛችሁ ከ100 ወደ 55 ጊዜ ሁሉም ፎልድ ማድረግ፣ ማለትም ካርታውን መጣል አለበት (ፍሎፕ፣ ማለትም መሀል ላይ የመጀመሪያዎቹ 3 ካርታዎች ከተገለጡ በኋላ ያለውን ሳንቆጥር)፣ በ2.2 ግን 47 ይበቃል፣ ደግሞ 20 ብላይንድ ይዛችሁ አንዱ ኦል ኢን ቢልባችሁ (ቺፑን ሁሉ ቢያስይዝባችሁ) አስና 9ኟን ጥላችሁ ስትወጡ ብዙ አያማችሁም። ለጥሩ ካርታ 3 ለደካማው 2 እያላችሁ ግን እንዳትቀያይሩ፣ ወዲያው ነው የሚነቃባችሁ። ቢግ ብላይንድ ላይ ያለው ሰውዬ በማንኛውም ካርታ ኮል የሚል (ውርርዳችሁን እኩል ከፍሎ የሚቀጥል) ከሆነ አይሰራም፣ እሱን ጥሩ ካርታ ጠብቃችሁ ከፍ አድርጉበት። ከ10 ብላይንድ በታች ከሆናችሁማ ወይ ኦል ኢን ወይ ፎልድ ነው።